የጋብቻ ዓመት በዓልን በባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ ለማክበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቅዱን ከየት እንጀምር?

ከበዓሉ ምሽት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ መነሻና መድረሻውን ካርታ ላይ ያሰምራል፤ እራቱን ደግሞ የዕለቱ ጉዞ ያደረሰበት ቦታ ላይ ይመድባል። እንዲህ ሲታቀድ በዓሉ ረጅም የመንዳት ቀን ላይ ይውልና ሁለቱም ደክመው፣ አንዱም አኩርፎ እራት ይቀርባሉ። መጀመሪያ መወሰን ያለበት ያን ምሽት የት እንደምታሳልፉ ነው። እዚያ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያዙ። በዋዜማው ደርሳችሁ ታርፋላችሁ፤ በበዓሉ ዕለት መኪናው ከቆመበት ባይነሳም ግድ የለም። የቀሩት ማረፊያዎች የሚመረጡት ከዚያ ቦታ ባላቸው ርቀት ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ከዋለና እናንተም ቀን ቆጣሪዎች ካልሆናችሁ በዓሉን ወደ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብታዘዋውሩት ትጠቀማላችሁ። ስመ ጥር የባሕር ዳርቻ መንገዶች በሳምንቱ መጨረሻ ይጨናነቃሉ፤ ማረፊያውም ይወደዳል።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ብንነዳ ይሻላል?

ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ከሆነ ደግሞ ከ100 ባያልፍ ይመረጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ነው። የስልክ ካርታ የሚነግራችሁ የመንዳቱን ጊዜ ብቻ ነው፤ ፎቶ ለማንሳት፣ መኪና ማቆሚያ ለመፈለግና ወደ ባሕሩ ወርዶ ለመመለስ የሚያልፈውን ሰዓት አይቆጥርም። አንድ አጭር ቆይታ 20 ደቂቃ ይወስዳል ብላችሁ ስድስት ቦታ ብትቆሙ ሁለት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ካርታው ያሳየውን ጊዜ በአንድ ተኩል አባዙት፣ ዋና ዋና ቆይታዎችን ደግሞ ለብቻ ደምሩ።

የካሊፎርኒያው አውራ ጎዳና ቁጥር 1 ቢግ ሰር በሚባለው የዳርቻ አካባቢ በኩል ሲያልፍ ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈጣን መንገድ ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል አይፈጅም ነበር። እዚህ ግን ሳይቆሙ እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ እየቆሙ ከሄዱበት ሙሉ ቀን ነው። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚዞረው ኖርዝ ኮስት 500 ደግሞ 830 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፊሉ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ሁለት መኪኖች ሲገናኙ አንዱ ወደ ማሳለፊያ ቦታ ገብቶ ይቆማል፣ ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን በሦስት ቀን የሚጨርስ ሰው ያየው አስፋልት ነው፤ ሰባት ቀን ስጡት።

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ቢኖረንስ?

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ የሚገኘው ግሬት ኦሽን ሮድ 243 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለሦስት ቀን ልክ ነው። መንገዱን ከ1919 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሲሆኑ፣ ለሞቱት ጓዶቻቸው መታሰቢያ ነው። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ያለው ካቦት ትሬይል 298 ኪሎ ሜትር የሚሆን ክብ መንገድ ነው፤ ክብ መሆኑ መኪናውን ከተከራያችሁበት ቦታ ስለሚመልሳችሁ፣ በሌላ ከተማ ለማስረከብ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ ያስቀርላችኋል። በኬፕ ታውን አጠገብ ያለው ቻፕማንስ ፒክ 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን 114 ኩርባ አለው። የኖርዌዩ አትላንቲክ መንገድም ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ስምንት ድልድዮች ከደሴት ደሴት ያሻግሩታል። እነዚህ ሁለቱ የግማሽ ቀን ጉዳይ ስለሆኑ ከሌላ ጉዞ ጋር ይቀጠላሉ እንጂ ለብቻቸው ዕቅድ አይሆኑም።

የአየርላንዱ ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአጭር ጊዜ አንዱን ክፍል መርጦ ሌላውን መተው ነው።

የጣሊያኑን የአማልፊ ዳርቻ ማሰብስ?

ውበቱ አያጠያይቅም፤ ለሚነዳው ሰው ግን ዕረፍት አይደለም። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል፣ በመሀል አውቶብስና ስኩተር። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎብኚ በሚበዛባቸው ቀናት ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ታርጋ ያላቸው መኪኖች በተራ የሚገቡበት ደንብ አለ። መኪና ማቆሚያ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የእኛ ምክር፦ አንድ ከተማ ላይ እረፉ፣ መኪናውን ተዉት፣ ከከተማ ከተማ በጀልባ ሂዱ። ከባሕሩ ላይ ሆኖ ማየቱም ከመኪና መስኮት ይልቃል።

በየትኛው አቅጣጫ ብንነዳ ይሻላል?

ባሕሩ በምትነዱበት መስመር በኩል እንዲሆን አድርጉ። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር ይህ ማለት ባሕሩ በቀኛችሁ ይሁን ነው፤ በምዕራብ ዳርቻ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ መንዳት ማለት ነው። በግራ በሚነዳበት አገር ባሕሩ በግራ ይሁን። ግሬት ኦሽን ሮድ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለሆነ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጥቅሙ ለእይታ ብቻ አይደለም። የመመልከቻ ቦታዎቹ አብዛኞቹ በባሕሩ በኩል ስለሆኑ ከፊት የሚመጣውን መኪና አቋርጣችሁ አትገቡም፣ አትወጡም። ኩርባ ላይ አቋርጦ መታጠፍ የእነዚህ መንገዶች አንዱ አደጋ ነው።

ከሁለታችሁ አንዱ ገደል የሚፈራ ከሆነ ግን ምክሩ ይገለበጣል። በተቃራኒው አቅጣጫ ብትነዱ በእናንተና በገደሉ መካከል አንድ መስመር ይኖራል፤ ባሕሩም አይጠፋም።

በየትኛው ወቅት እንሂድ?

በጋ ማለት ብሩህ ሰማይ ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ ዳርቻ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ጉም የሚበዛበት ነው፤ የውስጡ ምድር ሲሞቅ ቀዝቃዛው የባሕር አየር ጉሙን ይዞ ወደ ዳርቻ ይሳባል። ጉሙ ብዙ ጊዜ ጠዋት ወፍሮ ከቀትር በኋላ ይሳሳል። ስለዚህ ጠዋቱን ለቁርስና ለእግር ጉዞ ትታችሁ ከቀትር በኋላ ንዱ። ጥርጥር የሌለው ቀን ከፈለጋችሁ መስከረምና ጥቅምት ይሻላሉ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ወቅቱ ተገላቢጦሽ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሄርማነስ አካባቢ ዓሣ ነባሪዎች ከዳር ሆኖ የሚታዩት ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ ይህ ቀዝቃዛውን ወቅት ይጨምራል።

መንገዱ ተዘግቶ ብናገኘውስ?

ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። የባሕር ዳርቻ መንገድ የሚቆረጠው ከቁልቁል ተራራ ጎን ላይ ነው፤ ዝናብ ከላይ አፈሩን ሲያጠግበው፣ ሞገድ ከታች እግሩን ሲበላው ይናዳል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. በቢግ ሰር ደቡባዊ ክፍል የወረደው ናዳ መንገዱን እስከ ሐምሌ 2018 ዘግቶታል። ቻፕማንስ ፒክም ድንጋይ እንዳይወርድ ሲሰጋ በዝናብና በነፋስ ቀን ይዘጋል።

ከመያዣው በፊት፣ ከመነሻው ሳምንት በፊትና በየማለዳው የመንገድ ባለሥልጣኑን ገጽ እዩ። ለካሊፎርኒያ የካልትራንስ ክዊክማፕ አለ። ከሁሉ በላይ በዳርቻው መንገድ መሀል ላይ ያለ ማረፊያ ስትይዙ፣ መንገዱ ቢዘጋ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ አረጋግጡ። መንገዱ ከመሀል ከተቆረጠ የ30 ኪሎ ሜትሩ ርቀት በውስጥ በኩል ዞሮ የብዙ ሰዓት መንገድ ይሆናል። ከየትኛው ጫፍ ተነስታችሁ ማረፊያው ድረስ መግባት እንደምትችሉ አስቀድማችሁ እወቁ።

መኪና ስንከራይ ምን እናጣራ?

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ውሉን በችኮላ ከመፈረም ነው። የሚከተሉትን ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ።

መድኑ ምን አይሸፍንም? ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጪ ናቸው፤ በባሕር ዳርቻ መንገድ የሚጎዱት ደግሞ እነሱው ናቸው። ድንጋይ መስታወት ይመታል፣ ኮረኮንች መዳረሻ የመኪናውን ሆድ ይፍቃል። ጉዳት ቢደርስ ከእናንተ ኪስ የሚወጣው ድርሻ ስንት እንደሆነም ይነገራችሁ። ማስያዣው በክሬዲት ካርድ ላይ የሚታገድ ስለሆነ ለማረፊያ ያሰባችሁትን ገንዘብ እንዳይዝባችሁ በካርዱ ላይ ቦታ ተዉ።

ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ ሁለታችሁም ስማችሁ ውሉ ላይ ይግባ። ያልተመዘገበ ሰው ሲነዳ አደጋ ከደረሰ መድኑ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ነዳጁ ሙሉ ተቀብሎ ሙሉ መመለስ የሚለው ውል ይሻላል። መንጃ ፈቃዳችሁ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ የ1949ኙንና የ1968ቱን (እ.ኤ.አ.) የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የሚከተሉ ሁለት ዓይነቶች ስላሉ የምትሄዱበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል አጣሩ። የሚሠራውም ከዋናው መንጃ ፈቃድ ጋር ሲያዝ ብቻ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና የተለመደ ነው፤ አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ በስሙ ጠይቁ።

ከግቢው ሳትወጡ መኪናውን ዙሩትና ቪዲዮ ቅረጹ፤ የጎማ ቸርኬዎቹን፣ የበሩን ጠርዝ፣ መስታወቱን፣ የነዳጅና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጭምር። ሻንጣ ማስቀመጫውን ከፍታችሁ ትርፍ ጎማ መኖሩን እዩ። ዛሬ ብዙ መኪኖች በምትኩ የአየር መሙያና የማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ ነው የያዙት፤ ፈሳሹ ደግሞ የጎማው ጎን ከተቀደደ አይረዳም።

ጣሪያው የሚከፈት መኪና ዋጋው ይገባዋል?

ለአንድ ቀን አዎ፣ ለሳምንት አይደለም። ጣሪያው ሲታጠፍ የሚገባው ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ስለሆነ የሚተርፈው ቦታ ለሁለት ትናንሽ ለስላሳ ቦርሳዎች ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያውን ከፍታችሁ ሻንጣውን እዚያው ኪራይ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሞክሩት። ሻንጣ ውጪ የሚታይበት መኪና መመልከቻ ቦታ ላይ ትቶ መውረድ ሌባ መጋበዝ ነው። ነፋሱ ፀሐይዋን ስለሚያስረሳ የቆዳ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፤ በመስኮት በኩል ያለው ክንድ ቀድሞ ይቃጠላል።

ቁልቁለቱንና ኩርባውን እንዴት እንንዳ?

ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ መሆን የለበትም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ወይም ወደ እጅ መቀየሪያው አስገቡ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ መኪናውን ሲይዝ ይሰማችኋል፤ ይህ ጉዳት አይደለም። እግርን ፍሬን ላይ አስደግፎ መውረድ ግን ሸራውን ያግላል፣ ከጋለ ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማቆሚያ ስፍራ ላይ ዳር ያዙና ራሱ እስኪበርድ ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ኩርባ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባት በፊት ነው። ዓይን ወደ ኩርባው መውጫ ይሁን፤ መኪና ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና ወደ ገደሉ አትመልከቱ። የሚነዳው ሰው ባሕሩን የሚያየው መኪናው ሲቆም ብቻ መሆኑን ከመነሻው ተስማሙ። ከኋላ መኪኖች ከተሰለፉ ዳር ይዛችሁ አሳልፏቸው። በካሊፎርኒያ በጠባብ መንገድ ላይ በዝግታ ስትነዱ አምስት ወይም ከዚያ በላይ መኪና ከኋላ ከተከማቸ ዳር መያዝ በሕግ የታዘዘ ነው። ሕጉ በሌለበትም ከኋላ የሚገፋ ሰው ተሸክሞ በዓል አይከበርም።

ነዳጅና ኔትወርክስ?

ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። በዳርቻው ማደያ ሩቅ ለሩቅ ነው፤ ያለውም ይወደዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ቻርጅ ማድረጊያ ያለበትን ማረፊያ መርጣችሁ ማታ ሙሉት፤ ብርድና ፈጣን ጉዞ ባትሪውን ከተጻፈው ርቀት ቀድሞ ያወርዱታል።

በቢግ ሰር ረጅም ርቀት ስልክ አይሠራም። ካርታውን ከኢንተርኔት ውጪ እንዲሠራ አውርዱት፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም አቅጣጫ ያሳያል። የማረፊያውን አድራሻና የመያዣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ባለቤቴ መንገድ ያማታል፤ ምን እናድርግ?

ፊት ትቀመጥ፣ ዓይኗን ሩቅ አድማስ ላይ ታድርግ፣ ስልክ አታንብብ። መታመሟ የታወቀ ከሆነ መንዳቱ ራሱ ፈውስ ነው፤ የሚነዳ ሰው ብዙም አያመውም። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ከጉዞው ቀደም ብሎ ሲወሰድ ነው፤ ፋርማሲስት አማክሩ። ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ የወሰደው ሰው መሪ አይያዝ።

ባሕር የሚያሳይ ክፍል ለመያዝ ምን እንጠይቅ?

«የባሕር እይታ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከሰገነቱ ጎንበስ ብሎ በሁለት ሕንፃ መካከል የሚታይ ሰማያዊ ክርም እይታ ይባላል። ስለዚህ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከአልጋው ሆኖ ይታያል ወይ? በክፍሉና በባሕሩ መካከል መንገድ ወይም መኪና ማቆሚያ አለ? መስኮቱ ወደ የት ይዞራል? ስትደውሉ በዓሉን ንገሯቸው፤ ያለ ክፍያ የተሻለ ክፍል የሚሰጥ ብዙ ነው፣ ግን ካልተነገረው አያውቅም። ባሕሩን ለማየት መክፈል የሚገባው ለእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ነው። በመሀል አንድ ሌሊት ብቻ ለምታድሩበት፣ ከጨለመ በኋላ ደርሳችሁ በማለዳ ለምትወጡበት ክፍል ንጹሕ አልጋና ጸጥታ ይበቃል።

የፀሐይ መጥለቂያውን ሰዓት እንዴት እናስተካክል?

መጀመሪያ የትኛው ዳርቻ እንደሆነ እወቁ። ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ የምትታየው በምዕራብ ዳርቻ ነው፤ በምሥራቅ ዳርቻ የምታዩት መውጫዋን ነው። በማለዳ መነሳት የማይሆንላቸው ሰዎች ይህን ሳያዩ ምሥራቅ ዳርቻ ይይዛሉ።

ሰዓት መገመቻው ቀላል ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁን አግድም በፀሐይና በአድማስ መካከል አኑሩ። አንድ ጣት 15 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አራት ጣት አንድ ሰዓት ቀርቷል ማለት ነው። ወደ ዋልታ በቀረባችሁ መጠን ፀሐይ እያጋደለች ስለምትወርድ ጣቱ ከ15 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ከጠለቀች በኋላ ቶሎ አትሂዱ፤ ሰማዩ ብዙ ጊዜ የሚቀላው ከዚያ በኋላ ባለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ነው።

እራቱን በዚያች ሰዓት ላይ አትያዙ። ሳህኑ ከፀሐይዋ ጋር እኩል ይመጣና ሁለቱም ይበላሻሉ። ወይ ከመጥለቂያው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ተቀመጡ፣ ወይ አይታችሁ ስታበቁ ግቡ። ቦታው ከማረፊያችሁ በእግር የሚደረስ ይሁን፤ ብርጭቆ ለምታነሱ ሰዎች ጨለማ ውስጥ የገደል ኩርባ አይመከርም። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ወደ ምዕራብ በምሽት የምትነዱ ከሆነ የፊት መስታወቱን ቀድማችሁ በውሃ እጠቡ። በመስታወቱ ላይ የሚጋገረውን የጨው ብናኝ መጥረጊያው ደረቁን ሲያሸው ነጭ መጋረጃ ያደርገዋል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ምንም አያሳይም።

ወደ ባሕሩ ስንወርድ የሚያሰጋ ነገር አለ?

አለ፤ የውሃው ሙላት። ባሕሩ በብዙ ቦታ በ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ልዩነት ይሞላል፤ ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ትናንት የተራመዳችሁበት አሸዋ ዛሬ በዚያው ሰዓት ላይ ውሃ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በገደል የታጠረ ዳርቻ ላይ የአካባቢውን የሙላት ሰንጠረዥ አይታችሁ፣ ውሃው የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ውረዱ፣ ማነስ ሲያቆም ተመለሱ። ለፎቶ ብላችሁ ጀርባችሁን ለባሕር አትስጡ፤ ከሌሎቹ አልፎ የሚመጣ ሞገድ ማስጠንቀቂያ የለውም። የገደል ጠርዝ ከላይ ሣር ቢኖረውም ከታች ባዶ ሊሆን ስለሚችል ከአጥሩ አትለፉ።

ጉዞውን በድብቅ አዘጋጅቼ ባስደንቅስ?

መዳረሻው ምስጢር ይሁን፤ ዝግጅቱ ግን አይሁን። ሌላው ሰው የሚያስፈልጉት ነገሮች አሉ፦ የዕረፍት ፈቃድ፣ ፓስፖርትና ቪዛ፣ የሚነዳ ከሆነ መንጃ ፈቃድ፣ ለነፋስና ለብርድ የሚሆን ልብስ፣ ለእራቱ አንድ ጥሩ ልብስ፣ የሚያንሸራትት መሬት የሚይዝ ጫማ። ቀኑን፣ የአየሩን ጠባይና ምን ያህል መንዳት እንዳለ ንገሩት፤ የሚደበቀው የቦታው ስም ብቻ ነው። የጋራ ኢሜይልና የጋራ ካርድ ከተጠቀማችሁ ምስጢሩን የሚያወጣው የባንክ መልእክት ነው፤ ማረፊያውን ደርሶ መክፈል ይሻላል።

ድሮን ይዘን መሄድ እንችላለን?

ከመሄዳችሁ በፊት በየቦታው አጣሩ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ክልክል ነው። ባይከለከልም የባሕር ነፋስ ትንንሾቹን ወደ ውሃው ይገፋቸዋል፤ ሲሄድ ከነፋሱ ጋር የበረረ ባትሪ ሲመለስ ላይበቃ ይችላል።